ግራ የማትወደው ሞተር

ሰውየው ከሞተሩ ላይ ባይወርድ ኖሮ አክስቴ አፏን ትከፍት ነበር? እናቴን ብጠይቃት «እባክህ ተወኝ» አለችኝ። አክስቴ የምትሠራበትን እርሻ መካኒክ ብጠይቀው እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እኔም እሱን ነው የማስበው» አለኝ። አክስቴን ራሷን ጠይቄያት አላውቅም፤ ድፍረቱም የለኝም። ስለዚህ ከእነሱ የሰማሁትንና እቤታችን ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። በአንድ ትልቅ የፍራፍሬ እርሻ ውስጥ የመስኖ ቧንቧ ተቆጣጣሪ ሆና አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። ቧንቧው ኮረብታውን ተከትሎ ይወጣል። በየመቶ ሜትሩ መክፈቻ አለው፤ ጠዋት እሷ ትከፍተዋለች፣ ማታ እሷ ትዘጋዋለች፤ በመሃል የሚያፈስ ቦታ ካለ ጎንበስ ብላ ታጠብቃለች። ረጅምና ቀጭን ናት፤ ድምጿ ወፍራም ነው። አላገባችም። ለምን ሲሏት «የሚያንጠባጥብ ነገር በሥራ ቦታ ይበቃኛል፣ እቤቴ ድረስ አልጠራውም» ትላለች።

እርሻው ስድስት ባለ አራት ጎማ ሞተሮች የገዛ ጊዜ በጣም የተደሰተችው እሷ ነበረች። ዳገቱን በእግር መውጣት ቀረላት። ሞተሮቹን ያመጣው የአስመጪው ወኪል ነው። ሠራተኛው ሽቶው ይለዋል፤ እሱ ከመድረሱ አንድ ደቂቃ ቀድሞ ሽታው ይደርሳል። ሁልጊዜ ነጭ ሸሚዝ ይለብሳል፤ ጫማው ፊት ያሳያል። አሽከርካሪዎቹን ያሠለጠናቸው በአንድ ጠዋት ነው። «ይኼ ጋዝ ነው፣ ይኼ ፍሬን ነው፣ የቀረው ድፍረት ነው» ብሎ አጨበጨበላቸው።

ስህተቱ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሠሩትም ከሞተሮቹ ጋር የሚውሉት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ሞተሮቹን ወደዷቸው። ስም አወጡላቸው፦ አንዷ አኩራፊዋ፣ አንዷ ነዝናዛዋ፣ የአክስቴ ደግሞ ቀበጧ። መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ሲዞር ስድስቱም ከመሬት ተነስተው ይጮኻሉ፣ ወደ ፊትም ይገፋሉ። ይህን ማንም ብልሽት ነው አላለም። ጠባይ ነው አሉት። አዲስ ሰው ሲቀጠር ሞተሩን የሚያስረክበው ሰው «ግራ አይወዱም፣ አታብዛባቸው» ይለውና ይሳሳቃሉ። ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ ጠባዩ ይብሳል። የቀበጧ ከሁሉም የባሰ ነበር። አክስቴ «የኔዋ ቅንጡ ናት፣ በቀኝ እጇ ብቻ ነው የምትበላው» እያለች በፍቅር ታወራላት ነበር።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ላይኛው መስመር ጫፍ ደረሰች። መንገዱ እዚያ ያበቃል፤ ከፊት የተቆረጠ አፈር አለ፣ በቀኝ ገደል። መመለሻው በግራ ብቻ ነው። ሞተሩ ዳገት ወጥቶ ግሏል። መሪውን ወደ ግራ አዞረች፣ ቦታው ስላልበቃት እስከ መጨረሻው አዞረችው። ሞተሩ ጮኸ። አውራ ጣቷን ከጋዙ ላይ አነሳች፤ ሞተሩ ጩኸቱን አልተወም። የተቆረጠውን አፈር እንደ ድመት ቧጥጦ ወጣበት፣ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ከዚያም ወደ ኋላ ተገልብጦ እላይዋ ላይ ወደቀ።

አርባ ደቂቃ እሥሩ ተኛች። የጭስ ማውጫው ባቷን እያቃጠለው ነበር። አጠገቧ አንድ መክፈቻ ያፈስ ነበርና «ማን ይዘጋዋል እያልኩ እሱን ነበር የማስበው» ብላኛለች። ዳሌዋ ሁለት ቦታ፣ የግራ ጭኗ አንድ ቦታ ተሰብሮ ነበር። ሐኪሞቹ ብረት አስገቡላት።

በአምስተኛው ቀን ሽቶው ጭማቂ ይዞ ሆስፒታል መጣ። የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ «እንዴት ነሽ የኔ እህት?» አላት። ያኔ አንቱ ነበር የምትለው። «ደህና ነኝ፣ እርስዎም ተቸገሩ» አለችው።

«ሞተሩ ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጎሽ ያውቃል?»

የሕመም ማስታገሻው ስካር አልለቀቃትም ነበር። «ያው ግራ እንደማትወድ ሁላችንም እናውቃለን። ጠባይዋ ነው» አለችው። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ትራሷን አስተካክሎላት ሄደ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ወደ ቤታችን መጣች፤ የፊት ለፊቱን ክፍል ለቀቅንላት። የአደጋው ሪፖርት ቅጂም አብሮ መጣ። እናቴ ጮክ ብላ አነበበችላት። «ተጎጂዋ ተሽከርካሪው ወደ ግራ ሲዞር የሚያሳየውን ጠባይ አስቀድማ ታውቅ እንደነበር በራሷ አንደበት አምናለች። ይህን እያወቀች በጠባብ ቦታ ወደ ግራ በማዞሯ የደረሰ አደጋ በመሆኑ ተሽከርካሪው እንከን የለበትም፤ ጥፋቱ የአሽከርካሪዋ ነው። ወደፊት ሴት አሽከርካሪዎችን በዚህ ሥራ መመደብ ቢታሰብበት መልካም ነው።» ከሥሩ የሽቶው ፊርማ አለ፤ እንደ ሸሚዙ የተተኮሰ ፊርማ።

«ድገሚልኝ» አለች አክስቴ። እናቴ ደገመችላት።

«አንዴ ደግሞ።»

«ኧረ ተይ እህቴ፣ ምን ይሠራልሻል?»

«አንብቢው ነው የምልሽ።»

በሦስተኛው ንባብ ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችውና ትራሷ ሥር ከተተችው። «ይቺን ወረቀት በጻፈበት እጁ ሳላስፈርሰው ብቀር ሰው አይደለሁም» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትፈልገው ይህን ብቻ ነበር። ሰዎች ሊጠይቋት መጥተው «እግዜር አተረፈሽ» ሲሏት፣ «ለሥራ ነው ያተረፈኝ» ትላቸዋለች።

እርግማኗን ስሰማ እፈራ ነበር። እናቴ ሾርባ እያጎረሰቻት «ሞተር ይውደቅበት አልልም» ትላለች አክስቴ፣ «እሱ ቶሎ ያልቃል። ዳሌው ይሰበርና በማንኪያ ይብላ። ሽንት ቤት ሰው ደግፎት ይሂድ፤ የሚደግፈውም የሚጠላው ሰው ይሁን።»

«አፍሽን ያዥ እንጂ!»

«አፌ አልተሰበረም።»

በሳምንት ሦስት ቀን የአካል ማገገሚያ ባለሙያ ትመጣላት ነበር፤ ክንደ ብርቱ፣ ቀልድ የማታውቅ የምትመስል ሴት። እግርሽን አንሺ፣ ቁጠሪ፣ አውርጂ ትላታለች። አክስቴ የምትቆጥረው በቁጥር አልነበረም። «ይቺ ለጫማው» ትልና ታነሳለች። «ይቺ ለሸሚዙ። ይቺ ለዚያ ለጭማቂው።» ላቧ እየተንጠባጠበ፣ ከንፈሯን እየነከሰች፣ የሰውየውን ዕቃ ሁሉ ታዳርሳለች። ባለሙያዋ መጀመሪያ የራሷን ቁጥር ትቆጥር ነበር። በኋላ «ዛሬ ስንት ደረስሽ?» ስትላት፣ «ሰዓቱ ላይ ደርሻለሁ፣ መነጽሩ ቀርቶኛል» አለቻት። «ቂም ለእግር ይጠቅማል ተብሎ አልተማርኩም» አለች ባለሙያዋ፣ «ግን ጭንሽ ሥጋ እየያዘ ነው፤ መነጽሩንም ጨምሪ።»

በስድስተኛው ወር በሁለት ክራንች ቆመች። መጀመሪያ የሄደችበት ቦታ የእርሻው ጋራዥ ነው። መካኒኩ ዝምተኛ ሰው ነው፣ በዕድሜ ያንሳታል። ቀበጧ ጥግ ላይ ሸራ ለብሳ ነበር። አክስቴ የተገለበጠ ባልዲ ላይ በመከራ ተቀመጠችና መቀመጫዋን እንዲፈታላት አዘዘችው።

«መሪዋን ወደ ግራ አዙር።»

«አትነሳም እኮ እትዬ፣ ሞታለች።»

«ማን አስነሳት አለህ? አዙራት ብቻ።»

አዞረው። ከመሪው የሚወርደው የጋዝ ኬብል ሞተሩ ዘንድ የሚያበቃው ነዳጅ በምትከፍት አንዲት ትንሽ የብረት ክንድ ላይ ነው። መሪው ወደ ግራ ሲሄድ ኬብሉ ተወጠረ፤ ክንዷም ጋዙን ማንም ሳይነካው ቀስ ብላ ተነሳች። መሪውን ሲመልሰው ተኛች። እንደገና ሲያዞረው እንደገና ተነሳች። ኬብሉ በመሪው ዘንግ በተሳሳተ ጎን ነበር የተላለፈው፤ በዚያ በኩል ሲዞር ያጥረዋል። የቀሩትን አምስቱን አዩ። ሁሉም ያው ናቸው። ሲመጡም እንደዚያው ነበሩ።

መካኒኩ ግንባሩን ያዘ። «እኔም እኮ ጠባይ ነው ስል ነበር» አለ።

«ለማስተካከል ምን ያህል ይፈጃል?»

«ከዚህ አውጥቶ በዚያ ማሳለፍ ነው እትዬ። ግማሽ ሰዓት።»

«ግማሽ ሰዓት» አለች። «ግማሽ ሰዓት» ብላ ደገመችው።

መካኒኩ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሊሄድ ሲነሳ በክራንቿ መንገዱን ዘጋችበት። «ቁጭ በል። አራቱን ዛሬውኑ አስተካክል፣ ሰው እንዳይጎዳ። አኩራፊዋን ግን ተዋት። ፍሬኗ ተበላሽቷል በልና ማንም እንዳይነካት።»

«ለምን?»

«ሽቶው ለዓመታዊ ምርመራ ሲመጣ እሱ ይንዳት። ግራ አትወድም ያለችው ሴትዮ ሞኝ መሆኗን ያሳየን።»

«እትዬ፣ ሰው ይሞታል እኮ።»

«እኔ ሞትኩ?»

መካኒኩ መፍቻውን ይዞ ወደ አራቱ ሄደ። አኩራፊዋን ተዋት።

ምርመራው አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። በእነዚያ ቀናት አክስቴ አትሳደብም፣ አታማርርም፣ ቀልድም የለም። ሌሊት ሳነብ አምሽቼ ባለፍኩ ቁጥር በበሯ ሥር መብራት አያለሁ። እናቴ ተረጋጋች ብላ ደስ አላት። እኔ ደስ አላለኝም።

በምርመራ ቀን ሽቶው የራሱ ወግ አለው። ሠራተኛው ይሰበሰባል፤ እሱ እያንዳንዱን ሞተር በመጋዘኑ ፊት ባለው የሲሚንቶ የውሃ ገንዳ ዙሪያ አንዴ ይነዳና «ደህና ነው» ብሎ ይፈርማል። አክስቴ የሥራ ቦት ጫማዋን አድርጋ፣ እናቴን አስከትላ በታክሲ ደረሰች። ለእናቴ፣ አክስቴ እንኳን ደህና መጣሽ የሚሏት ወዳጆች ዘንድ የምትሄድ ነበር የመሰላት። አኩራፊዋ የቆመችው አክስቴ ባዘዘችው ቦታ ነው። ከፊቷ ገንዳው፣ ከቀኟ የመጋዘኑ ግድግዳ። መውጫዋ በግራ ነው፣ ከመውጫው ማዶ ደግሞ የብረት ቧንቧ ተከምሯል። መካኒኩ ጠዋት ሙሉ ሞተሯን አስነስቶ አሙቋታል። አክስቴ ፊት ለፊት ወንበር ጠይቃ ተቀመጠች።

ሽቶው አያት። «እንዴ! የኔ ጀግና! ቆምሽ?»

«ቆምኩ። በእርስዎ ጸሎት።»

ሠራተኛው ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። አራቱን ሞተሮች ተራ በተራ ነዳ፣ ፈረመ። ከዚያ አኩራፊዋ ላይ ወጣ። እናቴ እንደምትለው አክስቴ በዚያ ሰዓት ሁለቱን ክራንቾች አንድ ላይ ጨብጣ ጉልበቷ ላይ አጋድማ ነበር፤ ጣቶቿ ደም አልነበራቸውም፤ ዓይኗ አይርገበገብም። መካኒኩ ራሱን አዙሮ ግድግዳውን ያይ ነበር።

ሽቶው አስነሳ። ግድግዳውን አየ፣ ገንዳውን አየ። መሪውን ትንሽ ወደ ግራ ነካ አደረገና ቆመ። ጎንበስ ብሎ ከመሪው ሥር፣ ኬብሉ ያለበትን ቦታ አየ። ሞተሩን አጠፋ፤ ወረደ።

«ወደ ኋላ ጎትታችሁ አውጡልኝ» አለ።

ሥራ አስኪያጁ «ምነው? አዙረህ አትወጣም?» አለው።

«ቦታው ጠበበኝ።»

«ትራክተር የሚዞርበት ቦታ ነው እኮ!» አለ አንድ ሠራተኛ።

«ጫማዬም ያንሸራትታል…»

ለመካኒኩ ያን ጊዜ ነው የታየው፦ ሽቶው አራቱንም ሞተሮች ገንዳውን ያዞራቸው በቀኝ ነው። ዘንድሮ ብቻ አይደለም፤ ባለፈው ጊዜም በቀኝ ነበር። አክስቴም ገባት። ሰባት ወር ሙሉ የጠላችው ዕቃውን ለማዳን በእሷ ላይ የዋሸ አላዋቂ ነበር። ይኼ ሰውዬ ግን የቱን ማየት እንዳለበት ያውቃል። ወንበሯን ገፍታ ተነሳችና በመካከላቸው ያለውን መሬት በክራንች ቆረጠችው። ማንም አልረዳት፣ ሁሉም መንገድ ለቀቀላት።

«አንተ» አለችው። አንቱታው ቀረ። «መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ምኑን?»

«ግራ እንደማትወድ።»

«ጌታዬ» አለ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሮ፣ «እኚህ ሴትዮ ሕመሙ ገና አልለቀቃቸውም…»

«ጋሼ» አለች እሷም ለሥራ አስኪያጁ፣ «የኋላ ጎማዋ ይነሳና ይውጣባት። ምንም ከሌለባት ጫማውን እኔ እጠርግለታለሁ።»

መካኒኩ ትእዛዝ አልጠበቀም። ሁለት ግንድ አምጥቶ የሞተሩን ጀርባ አሳረፈበት፤ ጎማዎቹ አየር ላይ ተንጠለጠሉ። ሠራተኛው ተጠጋ፣ ክቡ ጠበበ። «ውጣ እንጂ፣ የት ትወስድሃለች?» አለ አንዱ። «ሽቶው እንዳይደፋበት ነው!» አለ ሌላው። ሥራ አስኪያጁ «ውጣና እንይ» አለው በቀስታ። ወጣ። መካኒኩ አስነሳለት። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ያዞረችው አክስቴ ናት፣ በራሷ እጅ።

ሞተሩ ጮኸ። የሽቶው ሁለት እጆች ከጋዙ ርቀው ደረቱ ላይ ነበሩ። ጎማዎቹ አየር ላይ እንደ እብድ ዞሩ፣ ሞተሩ በግንዶቹ ላይ ተንቀጠቀጠ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። መካኒኩ ሊያጠፋ እጁን ሲዘረጋ አክስቴ በክራንቿ መለሰችው። «ተዋት። ጠባይዋን ትጨርስ።»

ከኪሷ ወረቀቱን አውጥታ ጀርባውን ገልብጣ የነዳጅ ጋኑ ላይ ዘረጋችለት። «ጻፍ። መቼ እንዳወቅህ፣ ቀኑን ጭምር።»

«መጀመሪያ ልውረድ…»

«እላይዋ ላይ ሆነህ ጻፍ። ቀስ በል፣ የሚነበብ አድርገው።»

ሥራ አስኪያጁን አየ። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን አውጥቶ ሰጠው። ያን ወረቀት አይቼዋለሁ፤ ፊደሎቹ ከመስመር መስመር ይዘላሉ። ከፋብሪካው ኬብሎቹ እንዲስተካከሉ ማሳሰቢያ የደረሰው ከአደጋው ስድስት ወር በፊት ነው ይላል። ለገዢዎች አላሳወቅሁም ይላል። አክስቴ በጩኸቱ መሃል «ለምን?» ብላ ጆሮው ላይ ጮኸችበት፤ «የሽያጭ ወቅት ነበር» አለ። «እሱንም ጻፍ» አለችው። ጻፈው። ፈረመ። ያ የተተኮሰው ፊርማ የልጅ ጭረት መስሎ ወጣ።

መካኒኩ ሞተሩን አጠፋ። ሽቶው ሲወርድ ጫማው አንሸራተተው፤ ዘይት የፈሰሰበት መሬት ላይ በእጁና በጉልበቱ ወደቀ። ከዚያ ሁሉ ሰው እጁን የዘረጋለት የለም። አክስቴ ከላይ ሆና አየችው።

«ቀስ ብለህ ተነሳ» አለችው። «እኔ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል።»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው። የመጀመሪያው ሪፖርት መሰረዙን እዚያው ቆሞ በሰው ፊት ተናገረ፤ ይህን ሞተር ለገዙት ሌሎች እርሻዎችም በዚያው ሰዓት ስልክ እንዲደወል አዘዘ። ለአክስቴ ሥራሽ ይጠብቅሻል አላት። እጇን ሊጨብጣት ፈለገ፤ እጆቿ ክራንች ላይ ስለነበሩ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። መካኒኩ እዚያው መፍቻውን አነሳና አኩራፊዋን ማስተካከል ጀመረ።

በታክሲ ሲመለሱ እናቴ እያለቀሰች ነበር። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ምን ሲዘጋጅ እንደነበር መካኒኩ በር ላይ ሹክ ብሏታል። «በቃ፣ ረካሽ?» አለቻት።

«አልረካሁም።»

«ከዚህ በላይ ምን ልታደርጊው?»

አክስቴ በመስኮቱ ውጭውን እያየች መለሰች። «እኔ የጠላሁት የማያውቅ ሰው መስሎኝ ነው። ስድስት ወር ሙሉ እያወቀ፣ እኔ በየቀኑ ዳገት ለዳገት ስዞር እያየ ነበር። ይኼኛውን ሰውዬ ገና መጥላት አልጀመርኩም። እንደ አዲስ መጀመሬ ነው።»

እቤት ስትደርስ ምሳ አልፈለገችም። የፊት ለፊቱን ክፍል አልፋ እናቴ አልጋ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። እናቴ ቦት ጫማዋን ልትፈታላት ስትንበረከክ «ተይው፣ ራሴ» አለችና ጎንበስ ብላ አንዱን ክር ፈታች። ሁለተኛውን አልፈታችውም። በጎኗ፣ በተሰበረው በኩል ሳይሆን በደህናው ተጋደመች። እናቴ ብርድ ልብስ አምጥታ ስትመለስ አፏ ትንሽ ተከፍቶ በረጅሙ ትተነፍስ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር።